በትዕዛዝ የሚሠራ የሽቦና የዶቃ ሐብል ምንድን ነው?

«ዶቃ መደርደር ነው እኮ! ትንሽ ፈታ አድርጎ ማስረዘም ምን ይከብዳል?» ሰሞኑን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፎ አየሁ። አንዲት ሴት ያዘዘችው ሐብል አጥሯት ነው ክርክሩ የተነሣው። ሠሪዋ «እንደ አዲስ መሠራት አለበት» አለች። ሰውየው ደግሞ ገንዘብ ለመጨመር ያመጣችው ሰበብ አደረገው። ይህን ነገር ስንቴ ሰማሁት! ስለዚህ ልጻፈው።

«በትዕዛዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ቀለም መምረጥ ነው። ሰማያዊ ይሁን ወይስ ቀይ? ለዚህ ሻጮችም ድርሻ አላቸው። ተሠርቶ ያለቀ ሐብል ላይ አንድ ዶቃ ቀይረው «በትዕዛዝ የተሠራ» ይላሉ። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። አንገት ተለክቶ፣ የሚንጠለጠለው ተመዝኖ፣ የዶቃው ቀዳዳ ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ ሽቦ የሚመረጥለት ሥራ ነው። አንዱን ስትነኩ ሌላው ሁሉ አብሮ ይነቃነቃል።

ሸማኔን አስቡት። ቀሚስ ያየ ሰው ሁሉ ጥለቱን ያደንቃል፣ ድሩን ማንም ልብ አይልም። ጨርቁን የያዘው ግን ድሩ ነው። የጨርቁ ስፋት ድሩ ሲዘረጋ ተወስኗል። ግማሽ ላይ ደርሶ «አንድ ስንዝር አስፋልኝ» ቢሉት ሸማኔው ምን ያደርጋል? በዚህ ሥራ ሽቦው ድር ነው፣ ዶቃው ጥለት። እንዲያውም ሸማኔው ይሻላል። ድሩ ቢበጠስ ቋጥሮ ይቀጥላል። የታጠፈ ሽቦ ግን እንዲህ አይደለም።

ምክንያቱም ሽቦ በታጠፈ ቁጥር ይደርቃል። ፒንሳ ጠፍቶባችሁ ሽቦ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ እሺ ይላል፣ ቀጥሎ ያስቸግራል፣ በመጨረሻ ቀጭ ይላል። ብረት ውስጡ በጥቃቅን ክሪስታሎች የተሞላ ነው። ሲታጠፍ ንብርብሮቹ ይንሸራተታሉ። እየተንሸራተቱ ይጠላለፋሉ፣ ከተጠላለፉ በኋላ መላወሻ ያጣሉ። እሳት ቢነካው መልሶ ይለሰልሳል። ግን ዶቃው ገብቶበታላ! መስታወት ይሰነጠቃል፣ ዕንቁ ይቃጠላል። «ፈታ አድርጊው» ማለት የደረቀውን ሽቦ እንደገና አጥፊው ማለት ነው። ዛሬ ቢሸከም ነገ መንገድ ላይ ይበጠሳል።

በዚህ ሥራ እያንዳንዱ ዶቃ የራሱ አጭር ሽቦ አለው። የሽቦው ሁለት ጫፎች ቀለበት ሆነው ይታጠፋሉ፣ ዶቃና ዶቃም በቀለበቶቹ ይያያዛሉ። አንዷን ቀለበት ብቻ ላሳያችሁ። ሽቦው በዶቃው ቀዳዳ ያልፋል። ከዶቃው በላይ ትንሽ ትቼ ወደ ጎን አጥፈዋለሁ። ከዚያ በክብ አፍ ፒንሳ ላይ አዞረዋለሁ። ቀለበቷ ሳትዘጋ የጎረቤቷን ዶቃ ቀለበት ማስገባት አለብኝ፤ ከተዘጋች በኋላ አይገባም። የተረፈውን ጫፍ ከሥሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ እቆርጠዋለሁ። የተቆረጠውን ጫፍ ደግሞ በፒንሳ ወደ ውስጥ እጫነዋለሁ፣ አለዚያ ሹራብ ይመዛል፣ አንገት ይጭራል። ክብ አፍ ፒንሳ ጫፉ ቀጭን፣ ሥሩ ወፍራም ነው። እጅ ትንሽ ወደ ኋላ ከሸሸ ቀለበቷ ትሰፋለች።

«ትንሽ ብትሰፋ ምናለበት?» ካላችሁ እንቁጠር። 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ዶቃ ከነቀለበቶቹ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 45 ሳንቲ ሜትር ለመሙላት 30 ዶቃ፣ 60 ቀለበት ያስፈልጋል። እያንዳንዷ ቀለበት በግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሳሳት 3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይመጣል። ከጉሮሮ ሥር ሊያርፍ የታሰበው ወደ ደረት ዝቅ ይላል።

ልክ ራሱም ያታልላል። ያቺ ሴት ያጠራት በዚህ ይመስለኛል። ሐብል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲለካ 45 ይሆናል። አንገት ላይ ሲዞር ግን ቆዳውን የሚነካው የዶቃው የውስጥ ጎን ነው። የሚጠፋው ልክ በግምት የዶቃው ውፍረት በ3.14 ተባዝቶ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ዶቃ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበላል። 20 ሚሊ ሜትር ዶቃ ደግሞ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ! ቀጭን ሰንሰለት ለክቶ «ልኬ 45 ነው» ያለ ሰው ትልልቅ ዶቃ ካዘዘ ሐብሉ አንገቱን ሲያንቀው ያገኘዋል።

አሁን ክብደት እንጨምርበት። የአያቷን ጠገራ ብር መሃል ላይ እንዲንጠለጠልላት የምትፈልግ አለች። ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ በጣም የምወደው ትዕዛዝ ነው። ግን አንድ ጠገራ 28 ግራም ይመዝናል። በ26 ቁጥር ሽቦ፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር በሆነው፣ አላምነውም። 20 ቁጥር፣ ማለትም 0.8 ሚሊ ሜትር፣ እመርጣለሁ። (የሽቦ ቁጥር ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል። ገዢም ሻጭም እየተምታታበት ስንቱ ሽቦ ባክኗል!) ችግሩ፣ የመረጠችው ዕንቁ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 0.8 አይቀበልም። ማስፋት ይቻላል፣ ግን ዕንቁ ሲበሳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ወይ ጠገራው፣ ወይ ዕንቁው፣ ወይ ንድፉ ይለወጣል። አገር ውስጥ በእጅ የሚሠሩት የነሐስ ዶቃዎች ደግሞ ቀዳዳቸው እኩል አይደለም፣ ጠርዛቸውም ስለታም ነው። በሞረድ ካላለሰለስኳቸው አላስገባቸውም።

ሰውየው በግማሽ ትክክል የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። ዶቃዎቹ በአንድ ረጅም የሽቦ ገመድ ላይ ከተደረደሩ ማስረዘም ይቀላል። እነዚህ ገመዶች ብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች ተገምደው በናይሎን የተሸፈኑ ናቸው። ያም ሆኖ ጫፉን የያዘችው ትንሽ ቱቦ አንዴ በፒንሳ ከተጨፈለቀች አትከፈትም። ተቆርጦ፣ በአዲስ ገመድ ከመጀመሪያው ይደረደራል። እንጂ «ፈታ» የሚባል ነገር እዚያም የለም። ትክክለኛው መፍትሔ ከኋላ በመቆለፊያው በኩል አጭር ማስረዘሚያ ሰንሰለት መጨመር ነው። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፣ ከፊትም አይታይም።

ሳልጠየቅ ልጨምር። የጆሮ ጌጥ የሚያሳክካችሁ ከሆነ ኒኬል የሚባለው ቆዳ የሚያሳክክ ብረት እንዳይኖርበት ቀድማችሁ ተናገሩ። ወርቅ ቅብ ሽቦ ጠበቅ ብሎ ሲጠመጠም ቅቡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለሕፃን ልጅ የዶቃ ሐብል አልሠራም፤ ቢበጠስ ዶቃው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፣ ባይበጠስ ደግሞ ያንቃል።

ልታዙ ያሰባችሁ፣ ሐብሉን የምታደርጉበትን ልብስ ልበሱ። አንገታችሁ ላይ ክር አዙሩና ዶቃው እንዲያርፍ የምትፈልጉበት ላይ አቁሙት። ክሩን ለክታችሁ ስትልኩ «ይህ የውስጥ ልክ ነው» ብላችሁ ጻፉ። የሚንጠለጠል ነገር ካለ ክብደቱን ጨምሩበት። የራሳችሁን ዶቃ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አምጡ፤ ሽቦውን የሚወስነው በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያለው ነው።