ቢራ የጠጡት ውሃ ፈርተው አይደለም፦ ስለ ጥንቱ አሜሪካ የጓዳ ጠመቃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እናቴ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችኝ። እኔም ቨርጂኒያ ከገባሁ ወዲህ ጠላም ቢራም ቤቴ እጠምቃለሁ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ ሞንቲቼሎን ሳላሳይ አልሸኝም። የሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቶማስ ጀፈርሰን ቤት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ የቢራ ማስቀመጫ ክፍል አለ። እዚያ በር ላይ በቆምን ቁጥር ከመካከላችን አንድ ሰው ያችኑ ነገር ይላታል። ባለፈው ክረምት ተራው የአንድ የማከብራቸው ጋሼ ነበር። «ያኔ እኮ ውሃው መርዝ ነበር። ሕፃን ሳይቀር ቢራ የሚጠጣው ለዚያ ነው» አሉ።

ሰው ፊት አልተከራከርኳቸውም። መኪና ውስጥ ግን ቤት እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳወራ መጣሁ። ያልኳቸውን እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ውሃው ስለማይጠጣ ነው»

ስህተት ነው። ውሃ ይጠጡ ነበር። በ1620 ከእንግሊዝ በሜይፍላወር መርከብ የመጡት ሰፋሪዎች ኬፕ ኮድ ላይ ወርደው አካባቢውን ሲያስሱ ምንጭ አገኙ። ያንን የመጀመሪያ የኒው ኢንግላንድ (የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ) ውሃ በሕይወታቸው ከጠጡት መጠጥ ሁሉ ባላነሰ ደስታ እንደጠጡት ራሳቸው ጽፈዋል። በ1634 ዊልያም ዉድ የተባለ እንግሊዛዊ ስለዚያው አገር ሲጽፍ በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ ውሃ ያለ አይመስልም አለ። ቀጥሎ ግን ከጥሩ ቢራ አላስበልጠውም ብሎ ጨመረ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ሰውየው ውሃውን አልፈራውም። ቢራ ይወዳል፣ በቃ።

ሞንቲቼሎንም ተመልከቱት። በ1769 ጀፈርሰን ያስቆፈረው የውሃ ጉድጓድ 65 ጫማ ጥልቀት አለው። 20 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ያውም ዓለት። አንዳንድ ዓመት ጉድጓዱ ይደርቅ ነበር። ያን ጊዜ ባሪያዎቹ ከተራራው ሥር ካሉት ምንጮች ውሃ ተሸክመው ይወጣሉ። ኋላ ደግሞ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ ጉድጓዶች አሠራ። የማይጠጣ መርዝ ፍለጋ ይህን ሁሉ የሚደክም ሰው የለም።

ከአሜሪካ መሥራች አባቶች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊንም አለ። ወጣት ሳለ ለንደን ውስጥ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ ከማለዳ ጀምረው ቢራ ይጠጣሉ፤ አንዱማ በቀን 6 ፓይንት፣ 3 ሊትር ተኩል ገደማ፣ ይጨርስ ነበር። እሱ ውሃ ብቻ ይጠጣል። እነሱ በሁለት እጃቸው የሚሸከሙትን የማተሚያ ፊደል ሰሌዳ እሱ በአንድ እጁ አንድ፣ በሌላው እጁ ሌላ ይዞ ደረጃ ይወጣ ነበር። «ውሃ ጠጪው አሜሪካዊ» ይሉታል። የገረማቸው ጉልበቱ ነው። ሳይሞት ማደሩን ተአምር ያለ የለም።

እርግጥ ነው፣ ውሃው የከፋበት ቦታ ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ጄምስታውን ላይ በ1607 የሰፈሩት እንግሊዞች የወንዝ ውሃ ነበር የሚጠጡት። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጆርጅ ፐርሲ እንደጻፈው፣ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ሲጎድል ደግሞ ጭቃና ቆሻሻ ይሆናል። ብዙ ሰው አለቀ። ይህ ግን የአንድ ሰፈር ታሪክ ነው። ከዚያ ተነስቶ አንድ አገር ሁለት መቶ ዓመት ውሃ ፈርቶ ኖረ ማለት አይቻልም።

መፍላቱ፣ ሆፑ (እንደ ጌሾ ቢራውን የሚያመርረው ተክል) እና አልኮሉ ቢራውን ከጥሬ ውሃ ንጹሕ ያደርጉታል፣ ይህ ልክ ነው። ግን ጠማቂዋ ይህን አታውቅም። የጀርም ነገር የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። እሷ የምታፈላው ከብቅሉም ከሆፑም ጣዕም ለማውጣት ነው። እናቴን ጌሾ ለምን እንደምትጨምር ብትጠይቋት ስለ ባክቴሪያ አትነግራችሁም። «ያለ ጌሾ ምኑን ጠላ ሆነው?» ነው የምትለው።

ታዲያ ለምን ጠጡ? ምግባቸው ስለነበረ ነው። ቢራ ከእህል ነው፤ ጉልበት ይሰጣል። ቁርስ ላይ ከዳቦ ጋር ይቀርባል። ሲያድጉ ያዩት ይህንኑ ነው፤ እንግሊዝ አገር ውሃ ብቻ መጠጣት የድሃ ኑሮ ምልክት ነበር። ደግሞ ዳቦውም ከቢራው አይነጠልም። ቢራው ተቀድቶ ሲያልቅ በርሜሉ ሥር የሚቀረው አተላ እርሾ ነው። «ኤምፕቲንስ» ይሉታል፣ ከዕቃው ተገልብጦ የሚወጣ እንደ ማለት። ሴትየዋ በዚያ አተላ ሊጧን ታቦካለች። አንድ በርሜል ጠመቀች ማለት መጠጧም የሳምንት ዳቦዋም ተያዘ ማለት ነው።

የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የውሃውን ተረት ስትናገሩ ይህ ሁሉ ሙያ ውሃ ማጣሪያ ሆኖ ይቀራል። አያቶቻችን ጠላ የጠመቁት ወንዙን ፈርተው ነው ቢባል ማን ዝም ይላል?

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ

«ፍራንክሊን ቢራ እግዚአብሔር እንደሚወደን ማስረጃ ነው ብሏል።» አላለም። የጻፈው ስለ ወይን ነው፣ ያውም ለፈረንሳዊ ወዳጁ ለአቤ ሞርሌ።

«ሜይፍላወር ፕሊመዝ ላይ የቀረችው ቢራ አልቆ ነው።» ግማሽ እውነት። ሊሄዱ ያሰቡት ወደ ሀድሰን ወንዝ ነበር፤ ጥልቀት የሌለው አደገኛ ባሕር መለሳቸው፣ ክረምቱም ደረሰ። ስንቃችን በተለይም ቢራችን እያለቀ ስለሆነ ሌላ ቦታ የምንፈልግበት ጊዜ የለንም ብለው የጻፉት ከዚያ በኋላ ነው።

«ሳሙኤል አዳምስ ጠማቂ ነበር።» ይህ የአሜሪካ የነፃነት ትግል መሪ ከአባቱ የወረሰው የብቅል ሥራ ነው። እሱንም አላሳደገውም።

«እንደዛሬው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ቢራ።» «ላገር» የሚባለው ይህ ዓይነት ቢራ ወደ አሜሪካ የገባው በ1840ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ደፍረስ ያለ የምድር ቤት ቢራ ነው።

«ከቢራ ሌላ አይጠጡም።» በኒው ኢንግላንድ የፖም ጠጅ፣ ሳይደር የሚሉት፣ ከቢራ ይልቅ የተለመደ ሆነ። ፖም ከገብስ በቀለለ ይበቅላል። ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ማለዳ ማለዳ ሳይደር ይጠጣ ነበር።

«መሥራች አባቶች ራሳቸው ይጠምቁ ነበር»

ይህን ደግሞ የቢራ ማስታወቂያዎች አበላሹት። ጀፈርሰን ጋን አጠገብ ቆሞ ሲያማስል የሚያሳይ ሥዕል አይታችሁ ከሆነ እርሱት።

ጀፈርሰን በጥር 1772 ማርታ ዌይልስን አገባ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ገደማ 15 ጋሎን፣ ማለትም 57 ሊትር ያህል፣ ቢራ ታስጠምቅ የነበረችው ማርታ ናት። የቤት ሒሳቧን በእጇ ትጽፍ ነበር። አንዱ መስመር ላይ 7 ፓውንድ (3 ኪሎ ገደማ) ሆፕ በአሮጌ ሸሚዝ ለወጥኩ ይላል። ይህን ሳነብ እናቴ ጌሾ በልብስ ስትለውጥ ታየችኝ። ሞንቲቼሎ ላይ ሆፕ እየተከሉ ለጌቶቻቸው ቤት ይሸጡ የነበሩት ባሪያዎቹ ናቸው።

ማርታ በ1782 ሞተች። ዓመታት አልፈው በ1813 ጀፈርሰን ጆሴፍ ሚለር የተባለ እንግሊዛዊ ጠማቂ አገኘ። ሙያውን እንዲማር የመደበው ፒተር ሄሚንግስን ነው። ፒተር ባሪያ ነበር፤ ከወንድሙ ከጄምስ የፈረንሳይ ምግብ አሠራር የተማረ ወጥ ቤት። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት አባቱ የማርታ አባት ነው። ስለዚህ የሞንቲቼሎን ቢራ መጀመሪያ እህቲቱ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ በባርነት የተያዘው ወንድሟ ያዙት ማለት ነው።

ፒተር ብቅሉንም ራሱ ያበቅል ነበር፣ ከስንዴና ከበቆሎ። ብቅል አብቅሎ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ይገባዋል። እህሉ ይነከራል፣ ይታፈናል፣ በሰዓቱ ካልተገለበጠ ይሻግታል፣ በቅሎ ካለፈ ደግሞ ኃይሉ ያልቃል። ጀፈርሰን በ1820 ከእሱ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ለነበረው ለጄምስ ማዲሰን ሲጽፍ፣ የሚማር ሰው ላክልኝ፣ ጠማቂያችን እጅግ አስተዋይ ነው፣ ያስተምርልሃል አለው። ጀፈርሰን ከሞተ በኋላ በ1827 በተደረገው ጨረታ ፒተርን ነፃ የነበረ የራሱ ዘመድ በ1 ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ በቻርለትስቪል ልብስ እየሰፋ ኖረ። ሞንቲቼሎ ስትሄዱ አስጎብኚውን ስለ ጀፈርሰን ቢራ አትጠይቁ። ስለ ፒተር ጠይቁ።

«ስሞል ቢር አልኮል የለውም»

ስሞል ቢር ቃል በቃል ትንሽ ቢራ ነው፤ ለቤተሰብና ለሠራተኛ የየቀን መጠጥ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዋናው ቢራ ከተጠለለ በኋላ በዚያው ብቅል ላይ እንደገና ውሃ ተጨምሮ ነው። እኛ ይህን መጠጥ እናውቀዋለን፤ ቅራሪ ነው። አልኮሉ ትንሽ ነው እንጂ የለም አይባልም።

ኋላ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ዋሽንግተን በ1757 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጻፈው አሠራር ደግሞ ብቅል እንኳ የለውም። አንድ ትልቅ ወንፊት ሙሉ ፍሩሽካና ደስ ያለህን ያህል ሆፕ 3 ሰዓት አፍላ፤ 30 ጋሎን አጥልል፤ 3 ጋሎን ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፍ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ጨምር ይላል። ሞላሰሱን አስቡት። እርሾው ያን ሁሉ ስኳር በደንብ ካብላላው ወደ 3 በመቶ አልኮል ሊደርስ ይችላል።

እኔ አሥር እጅ አሳንሼ ሠርቼዋለሁ። ተጠልሎ የወጣው 11 ሊትር፣ ሞላሰሱ 1 ሊትር ከትንሽ። ወንፊቱ ላይ የቀረው ፍሩሽካ እንደ ገንፎ ይያያዛል፤ በእንጨት ማንኪያ ካልተጫናችሁት ውሃውን አይለቅም። ሞላሰሱ ትኩሱ ላይ ሲፈስ ቤቱ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ለብ እስኪል ጠብቁ። ዋሽንግተን ከደም ሙቀት ትንሽ ሞቅ ሲል እርሾ ጨምር ይላል፤ ጣታችሁን ስታስገቡ ሳያቃጥላችሁ ለብ ካለ ደርሷል። አዳሩን አረፋው ይነሳል። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር አቀመስኳት። አጣጣመችና «ቅራሪ ነው፤ ከዚህ በላይ ይፍላ፣ ሆፑ ገና አልወጣም» አለችኝ። ልክ ነበረች፣ አንድ ሰዓት አሳጥሬ ነበር።

ልትሞክሩ ከሆነ ሞላሰሱ የሚበላው ይሁን፣ የከብት መኖውን አትግዙ። ዋሽንግተን በጠመቀ በሳምንቱ ጠርሙስ ውስጥ ይከተው ነበር፤ እናንተ ግን አረፋው ጨርሶ ሳይቆም ጠርሙስ አትድፈኑ፤ ይፈነዳል። መጀመሪያ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞክሩት። ጎኑ ሲጠነክር ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አስተንፍሱትና ፍሪጅ ክተቱት።