«ባዶ ነው» ያላችሁት ካሴት ባዶ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። አራቱም ባሕር ማዶ ያሉ ናቸው፤ አራቱም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ካሴቱን አግኝተነዋል፤ ግን ባዶ ነው።» ደብረ ማርቆስ ላይ ሠርግ መቅረጽና አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባዶ ነው ተብሎ ከመጣልኝ ካሴት ውስጥ እውነትም ባዶ ሆኖ ያገኘሁት በአንድ እጄ ጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በስልክ እየደጋገምኩ ከምደክም አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ በሰማንያዎቹ ዓመታት በየቤቱ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻና መቅጃ) ሲገባ፣ የእሁድ ከሰዓት በኋላውን ድራማና ጭውውት ቀርጾ ለስደተኛ ወንድም መላክ የተለመደ ነበር። ከድርቆሽና ከበርበሬው ጋር አንድ ሁለት ካሴት ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዛሬ እነዚያ ድራማዎች ይፈለጋሉ። አባቱ የተጫወተበት፣ ጎረቤቱ የዘፈነበት ክፍል የጠፋበት ሰው ብዙ ነው። እዚህ የቀረውን ካሴት ደግሞ በላዩ ላይ ሠርግ ቀዳንበት፣ ክርስትና ቀዳንበት፣ በመጨረሻ ልጆች ክሩን መዘው አጥር ላይ አሰሩት። ባሕር የተሻገረው ግን ብዙውን ጊዜ እንዳለ አለ።

«ጣቢያው ዘንድ ሁሉም ተቀምጧል፤ የቤት ካሴት ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አለ። የቴሌቪዥን ሥራ በዓለም ዙሪያ እንዴት ይሠራ እንደነበር የማያውቅ ሰው ንግግር ነው። በድሮ ጊዜ የጣቢያ ቴፕ ውድ ነበር፤ ዛሬ ቀርጸህ ታስተላልፍበታለህ፣ ነገ አጥፍተህ ሌላ ትቀዳበታለህ። የእንግሊዙ ቢቢሲ እንኳ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲሁ አድርጓል። «ዶክተር ሁ» ከሚባለው ዝነኛ ተከታታይ ድራማው ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ዛሬም ምስላቸው የለም። ያንኑ ድራማ ለውጭ አገር ጣቢያዎች በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እያባዛ ይሸጥ ነበር፤ ከገዢዎቹ መካከል አገራችንም ነበረች። ገዢው አሳይቶ ሲጨርስ ፊልሙን ይመልሳል፣ ለቀጣዩ አገር ያስተላልፋል፣ ወይም ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች የተገኙት ለንደን ሳይሆን ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ አቧራ ለብሰው ነው። የጠፋ ነገር የሚገኘው ማንም አይቶ ባልነካው ቦታ ነው። የወንድማችሁ ምድር ቤትም እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

«የንጉሡ ዘመን ትያትር በቪዲዮ ካሴት አለኝ» ለሚሉኝ አጭር መልስ አለኝ፦ የለህም። ቴሌቪዥናችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ይህ እናንተ የምታውቁት ትልቁ የቪዲዮ ካሴት ግን ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ያኔ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ያላችሁ ምናልባት በኋላ እንደገና ሲተላለፍ የተቀዳ ነው። ድምፅ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቴፕ ሪከርደሩን ማይክሮፎን ቴሌቪዥኑ ፊት ደቅኖ የሚቀዳ ሰው በየአገሩ ነበር። የእነዚያ የጠፉ የእንግሊዝ ክፍሎች ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዛሬ ሊደመጥ የቻለው በየቤቱ እንዲህ ባደረጉ ጎረምሶች ነው። የድምፅ ካሴት ካላችሁ አትናቁት።

አሁን ወደ ዋናው በሽታዬ ልመለስ፤ «ባዶ ነው» ወደሚለው።

አገራችን ስትጠቀምበት የኖረችው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ይባላል። አሜሪካና ካናዳ ሲጠቀሙበት የኖሩት ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ነው። በፓል አንዱ ምስል 625 መስመር አለው፤ በሴኮንድ 25 ምስል ያልፋል። በኤንቲኤስሲ 525 መስመር ነው፤ በሴኮንድ 30 ገደማ። ካሴቱ በመልኩ አንድ ነው፤ የእኛ ካሴት የእነሱ ዴክ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የገባው ካሴት ግን አይነበብም። ምስሉ ይንከባለላል፣ በበረዶ ይሞላል፣ ድምፁም ቢሰማ ከልኩ ፈጥኖ ሰው እንደ ጫጩት ሲንጫጫ ትሰማላችሁ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችሁ ይህን አይቶ «ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ተበላሽቷል» ይላል። ያልተበላሸ ካሴት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። አማርኛ የማያውቅ ሰው ፊት የአማርኛ መጽሐፍ ዘርግቶ «ምንም አልተጻፈበትም» እንደማለት ነው።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። አንዲት የዚህ ከተማ ሴት፣ እትዬ የምላቸው ታላቄ ናቸው፣ አምና በጾም ወቅት ሱቄ መጡ። አባታቸው አስተማሪ ነበሩ፤ ድሮ አዲስ አበባ ለሥራ ሄደው ሳለ በአንድ የእሁድ ድራማ፣ በአንድ ክፍል ብቻ፣ ዳኛ ሆነው ተጫውተዋል። ሰውየው አርፈዋል። ሲንቀሳቀሱ የሚያሳይ ሌላ ምስል የለም። ቤተሰቡ ያ ክፍል ይገኝ እንደሆነ ጠይቆ «አልተገኘም» ተብሏል። ታናሽ ወንድማቸው ግን ቤት የተቀዳውን ካሴት ይዞ አሜሪካ ከገባ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ እዚያው እንደደረሰ ሞክሮት በረዶ ብቻ ስላየ ካርቶን ውስጥ መልሶታል። አሁን ቤት እየቀየረ ነው፤ ሊጥለው ነው። እትዬ ስልኩን ሰጡኝ።

«ወንድምዓለም፣ ባዶ ነው እኮ» አለኝ።

«በምን አየኸው?»

«በዴክ።»

«የየት አገር ዴክ?»

ዝም አለ። ካሴቱ ላይ ምን ዓይነት ፊደልና ቁጥር እንዳለ ጠየቅሁት፤ «ኢ-180» አለኝ። ኢ የሚለው ፊደል ካሴቱ ለፓል ተለክቶ መሸጡን ይናገራል፤ 180 ደቂቃ ማለት ነው። የአሜሪካኖቹ ቲ-120 እየተባሉ ነው የሚመጡት። (ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ከአሜሪካ የመጣ ቲ-120 እዚህ በእኛ ዴክ ከተቀዳበት ውስጡ ያለው ፓል ነው።) አትጣለው፣ በሰው እጅ ላከው አልኩት። ከሁለት ወር በኋላ ካሴቱ በጫማ ውስጥ ተወትፎ፣ ጫማው በሻንጣ፣ ሻንጣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዓባይን ተሻግሮ ደረሰ።

ዴኩ ውስጥ ከመክተቴ በፊት በጎን ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ ክዳኑን አነሳሁና ክሩን በባትሪ አየሁት። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ንጹሕ። ከተትኩት። መጀመሪያ ዜና ነበር፤ ቀጥሎ ማስታወቂያ፤ ከዚያ ድራማው። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፤ ከታች በኩል ነጭ መስመር ይሮጣል፤ ሌላው ደህና ነው። ዳኛው ሲገቡ እትዬ አላለቀሱም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው «መነጽሩ!» አሉ። «መነጽሩ የእማማ ነው! ጠፋብኝ ብላ ስንት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው!» ሦስት ጊዜ አስመለሱኝ። ሦስቱንም ጊዜ ያዩት መነጽሩን ነው።

ስለዚህ ውጭ አገር ያላችሁ፦ ስቶክሆልም ወይም ሮም ከሆናችሁ እነሱም የፓል አገሮች ስለነበሩ እዚያው በተገኘ ዴክ ሞክሩት። አሜሪካ ወይም ካናዳ ከሆናችሁ ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ዴክ ፈልጉ። ገልባጭ ሱቅ የምትወስዱ ከሆነ ካሴቱን ከማስረከባችሁ በፊት «ፓል ትገለብጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጠይቁ ሰጥተው፣ ሁለት ሰዓት በረዶ በፍላሽ ተገልብጦላቸው፣ ገንዘብ ከፍለው የወጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ሌላው ራሴን የሚያሳምመኝ «ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብበን ለየነው» የሚለው ነው። ማን የጻፈውን? መቼ የጻፈውን? አንድ ካሴት በዕድሜው አምስት ጊዜ ሲቀዳበት ወረቀቱ አንድ ጊዜ ይጻፋል። የቡሬ ሠርግ የሚል ካሴት አምጥተውልኝ ሠርጉ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሆነ። ካሴቱ የሦስት ሰዓት ነው። ሠርጉ ሲያበቃ ስክሪኑ ለጥቂት ሴኮንድ ይዝረከረካል፤ ሁሉም ሰው እዚህ ጋ አጥፍቶ ያወጣዋል። እኔ ዝም ብዬ ተውኩት። ከዝርክርኩ ኋላ ቀድሞ የነበረው፣ ሠርጉ ያልደረሰበት የድራማ ጅራት ብቅ አለ፤ አርባ ደቂቃ ያህል። አዲስ ቅጂ የሚያጠፋው የረገጠውን ያህል ብቻ ነው።

ከወረቀቱ ይልቅ ካሴቱን ራሱን አንብቡት። በጀርባው በኩል በስተግራ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ተሰብራ ከሆነ ባለቤቱ ሆን ብሎ እንዳይጠፋበት ጠብቆታል ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሱን አምጡት። ተሰብራ ቀዳዳው በፕላስተር ከተደፈነ ደግሞ አንድ ሰው ጠብቆት ነበር፣ ሌላ ሰው አፍርሶበታል፤ ነገሩ የቤተሰብ ጠብ ታሪክ ነው፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አጫውቱት።

«የአውሮፕላን ማረፊያ ኤክስሬይ ያጠፋዋል።» አያጠፋውም። የሚጎዳው ያልታጠበ የፎቶ ፊልም ነው። ለካሴት የሚያሰጋው ኃይለኛ ማግኔት ነው፤ ስለዚህ ትልልቅ ስፒከር ላይ አትደርድሩት።

«እርጥበት ስለገባው ፀሐይ ላይ አስጥተነዋል።» በርበሬ ነው እንዴ? ሙቀት ክሩን ያጣምመዋል። ነጭ ዱቄት ክሩ ዳርቻ ላይ ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ዴክ ውስጥ አትክተቱት፤ ያን ዱቄት «ሄድ» በሚባለው፣ ክሩን በሚያነበው የዴኩ ክፍል ላይ አራግፎ ቀጥሎ ለሚገባው ካሴት ሁሉ ያድለዋል። አምስቱን ብሎን ፈትቶ ማጽዳት ይቻላል፤ ግን ምንጭሏ ከተፈናጠረች ወንበር ሥር ስትፈልጉ ታመሻላችሁና ለለመደ ሰው ተዉት። የዴኩን ሄድ በአረቄ የወለወለ ሰውም አጋጥሞኛል። አረቄው ንጹሕ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ለጉሮሮ ንጹሕ ይሆናል።

«አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደ አዲስ ይሆናል፤ የካሴቱ ጥራት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወጣቶች መጥተዋል። ማሽኑ የማያየውን ፊት ገምቶ ነው የሚስለው። አንድ ልጅ የአያቱን ምስል አሠርቶ አሳየኝ፤ ጥርት ያለ፣ የሚያምር፣ አያቱን የማይመስል ሽማግሌ። መጀመሪያ ካሴቱ እንዳለ፣ ከነዝርክርኩ፣ ሳይነካ ይገልበጥ፤ ጨዋታውን በቅጂው ላይ ተጫወቱ። ዋናውንም ካሴት ተገለበጠ ብላችሁ አትጣሉ።

«ጊዜ ሲኖረኝ» የሚባለው ደግሞ አለ። ዓለም ላይ ዴክ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው። እኔ አንዱን ዴክ የማድነው ከሌላው ሬሳ ላይ ጎማና ጥርስ እየፈታሁ ነው። አራት ነበሩኝ፤ ሁለት ቀሩኝ። ፊላደልፊያ ውስጥ ማሪዮን ስቶክስ የምትባል ሴት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቴሌቪዥን ቀን ከሌሊት እየቀዳች፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ስትሞት ወደ 70,000 ካሴት ትታ ሄዳለች፤ ጎረቤት ምን ይላት እንደነበር መገመት አያቅተኝም። ከእናንተ 70,000 የሚጠብቅ የለም። አልጋ ሥር ያለችውን አንዷን አውጡ።

ትናንት ማታ ደግሞ ከዴንቨር አንድ ልጅ ደወለ። የአጎቱ ካሴት ነው፤ ባዶ ነው አለኝ። ጥርሷን ጠየቅሁት። ስልኩን አስቀምጦ ሄደ፤ ካርቶን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ተመልሶ «ተሰብራለች» አለ። አሁን ለፋሲካ ወደ አገር ቤት የሚመጣ፣ ሻንጣው ውስጥ የአንድ ካሴት ቦታ ያለው ሰው እየፈለገ ነው።