ማይክሮግሊያ ምንድን ነው? (“አብዶ አንጎል የሚበላ ሴል” አይደለም)

“አልዛይመር የአንጎል መቆጣት ነው፤ ማይክሮግሊያ የተባሉ ሴሎች አብደው አንጎልን ይበላሉ፤ መድኃኒቱም ኢቡፕሮፌን ወይም እርድ ነው።” ይህቺ አባባል አልሞት ብላለች። ከሁሉ የሚያናድደው የመሃሉ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ።

ማይክሮግሊያ ከደም ተጠርተው የሚመጡ ነጭ ሴሎች አይደሉም። በፅንስነት ጊዜ ከአስኳል ከረጢት ተነስተው አንጎል ውስጥ የሰፈሩ፣ እዚያው እየተባዙ የሚተካኩ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ሥራቸው የግቢ ዘበኛ ሥራ ነው፤ ዘበኛ ደግሞ ሌባ ብቻ አይጠብቅም፤ ይጠርጋል፣ አትክልት ይከረክማል፣ አጥር ያጠብቃል። ማይክሮግሊያም የሞተ ሴል ያነሳሉ፣ ትርፍ ሲናፕስ (ነርቭ ከነርቭ የሚገናኝበትን መገጣጠሚያ) ይከረክማሉ። በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚከማቸው ፕሮቲን፣ አሚሎይድ ቤታ፣ ሲጠራቀም ክምሩን ከብበው ያጠብቁታል፤ አጠገቡ ያሉት ነርቮች የሚደርስባቸው ጉዳት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቆሻሻው በየቀኑ ሲጨመርና አልቃጠል ሲል ግን ዘበኛው መቀሱን ደህናው ተክል ላይ ያሳርፋል። በ2016 በወጣ የአይጥ ጥናት፣ ሲ1ኪው እና ሲ3 የተባሉት ፕሮቲኖች በሚሳተፉበት መንገድ ማይክሮግሊያ ሲናፕስ ሲውጡ ታይተዋል፤ ያውም የአሚሎይዱ ክምር ገና ሳይታይ። (አይጥ ናት። በተፈጥሮዋ አልዛይመር አይዛትም፤ የሰው ዘረመል ገብቶላት ነው።)

“ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?” ይላል የዚያ አባባል ጸሐፊ። ዘበኛው ይባረር ማለቱ ነው። ዘበኛው የሰነፈበት ግቢ ምን እንደሚመስል ግን ከሰው ዘረመል እናውቃለን። ትሬም2 ማይክሮግሊያ ላይ ያለ ተቀባይ ነው፤ ቅባትና ፍርስራሽ ለይቶ ሴሉን ለሥራ ያነሳሳል። አር47ኤች የተባለው የዘረመል ለውጥ ተቀባዩን ያዳክማል፤ የአልዛይመርን አደጋም ከ2 እስከ 4 እጥፍ እንደሚያሳድግ በ2013 ተዘግቧል። ከእናትና ከአባት የወረሷቸው ሁለቱም የትሬም2 ዘረመል ቅጂዎች የተበላሹባቸው ሰዎች ደግሞ ናሱ-ሃኮላ በሚባል በሽታ፣ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜያቸው የአእምሮ መድከም (ዲሜንሺያ) ይይዛቸዋል። ማይክሮግሊያ ጠላት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እነዚህ ሰዎች በተጠበቁ ነበር።

ኢቡፕሮፌኑስ? ዘመዶቹ ናፕሮክሰንና ሴሌኮክሲብ፣ የቤተሰብ ታሪክ ባላቸው ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተሞክረዋል። መድኃኒቱ መሰጠቱ በ2004 በደኅንነት ስጋት ቆመ፤ ክትትሉም መከላከያ አለመሆናቸውን አሳየ። እነዚህ ኪኒኖች የሚያግዱት ኮክስ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ መጥረጉን አያግዙም። አዛውንት ለወራት ሲወስዷቸው ደግሞ ጨጓራ ይደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ይጨምራል። እርድ ወጥ ውስጥ ይግባ፤ በውስጡ ያለው ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ዘበኛውን ማሠራትም ቀላል አይደለም። ሌካኔማብ የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት አሚሎይድ ላይ ይለጠፍና ማይክሮግሊያ እንዲውጡት ያደርጋል፤ በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ ገደማ አዘግይቷል። አንጎል ሊያብጥ ወይም ሊደማ ስለሚችል ግን በኤምአርአይ መከታተል ግድ ነው፤ የአልዛይመርን አደጋ የሚያሳድገውን አፖኢ4 የተባለ ዘረመል በሁለት ቅጂ የተሸከሙ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ትሬም2ን በቀጥታ ለማነቃቃት የተሠራው የሙከራ መድኃኒት ኤኤል002 ደግሞ በ2024 በወጣው ውጤት በሽታውን አላዘገየም።

ማይክሮግሊያን “ክፉው ኤም1፣ ደጉ ኤም2” ብሎ ለሁለት የሚከፍለውን አባባልም ተዉት። ከላብራቶሪ ሳህን የመጣ ነው፤ ማይክሮግሊያ ከአንጎል ወጥተው ሳህን ላይ ሲቀመጡ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ጠባያቸው ይለወጣል።