የደሪው ቴምፕል፦ ሊቃጠል የተሠራ ቤት

ቴምፕል በሰሜን አየርላንዷ ደሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ከእንጨት የተሠራ፣ ለአንድ ሳምንት ለሕዝብ ክፍት የሆነና በመጨረሻም ሆን ተብሎ የተቃጠለ የጥበብ ሥራ ነው። ቁመቱ 22 ሜትር ገደማ ነበር። ንድፉ የአሜሪካዊው ቀራጺ የዴቪድ ቤስት ነው። ቤስት በኔቫዳ በረሃ በሚካሄደው የበርኒንግ ማን ፌስቲቫል ላይ እንዲህ ያሉ ቤቶችን በመሥራት ይታወቃል። ዝግጅቱን የመራው አርቲቾክ የተባለ የለንደን ድርጅት ነው።

ደሪ ስሟ ራሱ የሚያጣላ ከተማ ናት። ካቶሊኮቹ በአብዛኛው ደሪ፣ ፕሮቴስታንቶቹ ደግሞ ለንደንደሪ ይሏታል። በፎይል ወንዝ ምዕራብ የሚኖሩት በአብዛኛው ካቶሊኮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ በምሥራቅ በኩል፣ ዋተርሳይድ በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 የብሪታኒያ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎችን እዚያው የገደሉት በዚህችው ከተማ ነው። ሰሜን አየርላንድ ከብሪታኒያ ጋር ትቆይ ወይስ ከአየርላንድ ጋር ትዋሃድ በሚል ለዐሥርተ ዓመታት የዘለቀውን ግጭት በአብዛኛው ያስቆመው የ1998ቱ የሰላም ስምምነት ነው። ሰፈሮቹ ግን ለየብቻ እንደሆኑ ቀሩ።

ሥራው ለየት የሚለው በእሳቱ ነው። በሰሜን አየርላንድ ትልቅ እሳት ወገን አለው። በየዓመቱ ጁላይ 11 ማታ በፕሮቴስታንት ሰፈሮች እንደ ደመራ የተከመረ እንጨት ይነዳል፤ ኦገስት 15 ደግሞ የአንዳንድ ካቶሊክ ሰፈሮች ተራ ነው። ብዙ ጊዜ የሌላው ወገን ባንዲራ ክምሩ ላይ ተሰቅሎ አብሮ ይቃጠላል። እንግዲህ አንድ የውጭ ሰው ደርሶ «ኑ፣ አብረን እሳት እናንድድ» ሲል ስንቱ እንደሚጠረጥረው መገመት አያቅትም። እኔ ግን ብልሃቱ እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ማንም የኔ ነው የማይለው ሐውልት ከማቆም ይልቅ፣ ሁለቱም ወገኖች አሳምረው የሚያውቁትን ነገር ያዘ።

ቤቱ የቆመው በዋተርሳይድ፣ ከተማዋን ቁልቁል በሚያሳይ ኮረብታ ላይ ነው። ግድግዳው እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ነበር። ከሁለቱም ወገን የመጡ የከተማው ሰዎች በፈቃደኝነት ሲገጣጥሙ ከረሙ። ሲከፈት ደግሞ ሥራው ወደ ጎብኚዎቹ እጅ ገባ። የሞቱባቸውን ሰዎች ስም፣ ቂማቸውን፣ ይቅርታቸውን ግድግዳው ላይ ጻፉ፤ ፎቶ የተዉም ነበሩ። 85 ሺህ ገደማ ነዋሪ ባላት ከተማ በሳምንቱ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ጉብኝት ተቆጠረ። ማርች 21 ማታ ሲነድ 15 ሺህ ያህል ሰው ቆሞ ተመለከተ።

በጁላይና በኦገስት የሚነደው እሳት በዚህ አልቀረም፤ ዛሬም በየዓመቱ ይነዳል። አንድ ሳምንት ያን ሁሉ ዘመን ይሽራል ማለትም የዋህነት ነው። ያም ሆኖ አሠራሩ ሌላ ቦታ ሄዷል፦ አርቲቾክና ቤስት በ2022 በእንግሊዟ ቤድዎርዝ ከተማ በኮቪድ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ተመሳሳይ የእንጨት ቤት ከሕዝቡ ጋር ሠርተው አቃጥለዋል።