«የመጀመሪያው ተረት በአባወራው፣ እስኪነጋ ያለው በእንግዳው»፦ አንድ የአይሪሾች አባባል ሲፈታ

አይሪሾች በራሳቸው ቋንቋ «አን ሄድ ሽኬል ኧር አር አን ቲ፣ አጉስ ሽኬል ጎ ላ ኧር አን ኢ» ይላሉ። ወደ እኛ ሲመለስ «የመጀመሪያው ተረት በአባወራው፣ እስኪነጋ ያለው በእንግዳው» ማለት ነው። «ቲ» የቤት፣ «ኢ» እንግዳ ነው። ቤት የሚመታው ቃል ራሱ ቤት መሆኑ ደስ ይለኛል።

ብዙዎች ይህን አባባል ስለ እንግዳ አቀባበል የተነገረ ነው ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ስለ እዳ የተነገረ ነው እላለሁ። ቁልፉ ያለው «ኧር» በምትለው ትንሽ ቃል ላይ ነው፤ ትርጉሟ «ላይ» ነው። አይሪሽ ተናጋሪ ያበደረውን ሰው «አንተ ላይ ገንዘብ አለኝ» ይለዋል፤ እኛም ከዚህ የተለየ አንልም። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት አብዛኛውን ጊዜ «ከባለቤቱ፣ ከእንግዳው» ይሉታል፤ ያኔ እዳው ይጠፋል። አማርኛ ግን «አለበት» በሚለው ቃል ውስጥ ሳይጎድል ይይዘዋል። ስለዚህ ሲፈታ እንዲህ ነው፤ አባወራው አንድ ተረት አለበት፣ እንግዳው ደግሞ እስኪነጋ ድረስ አለበት።

ይህ እዳ የሚከፈለው እሳት ዳር ነበር። በገጠር አየርላንድ ጎረቤቱ ሁሉ ማታ ማታ የሚሰበሰብበት አንድ ቤት አይጠፋም ነበር። ወቅቱ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች 17፣ እስከ ቅዱስ ፓትሪክ ዕለት ነበር። በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፤ ሌሊቱ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ምድጃው ላይ ከረግረግ መሬት እየተቆረጠ የደረቀ፣ እንደ ኩበት ቀስ ብሎ የሚነድ አፈር ነበር። የጥንት ጀግኖችን ተረት በቀን ማውራት ገድ የለውም ይባል ስለነበር ሁሉም መምሸቱን ይጠብቅ ነበር።

እንግዳው ማን ነው? መንገደኛ፣ ለማኝ፣ ከመንደር መንደር እየዞረ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ። እዚህ ላይ «ሽኬል» የሚለውን ቃል ማየት ያስፈልጋል፤ ተረትም ነው፣ ወሬም ነው። ዛሬም አይሪሽ ተናጋሪዎች ሲገናኙ «ኤን ሽኬል?» ይባባላሉ፤ «ምን ወሬ አለ?» እንደማለት ነው። የአባወራውን ተረት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል። ሩቅ አገር አድሮ የመጣው ሰው ያመጣውን ግን ማንም አልሰማም። የአንዱ እዳ አንድ ተረት፣ የሌላው ደግሞ ሙሉ ሌሊት የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ ለምን አባወራው ይጀምራል? የሰው ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። እንግዳ በመጀመሪያ አፉ ይያዛል። ምን ዓይነት ቤት እንደገባ፣ ሳቅ ይወዱ እንደሆነ፣ ረዥም ተረት ይታገሱ እንደሆነ አያውቅም። አባወራው ቀድሞ ሲናገር፣ ቢደናቀፍ እንኳ በገዛ ቤቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሰው ፍርሃቱ በግማሽ ይቀልለታል። የዚህ አባባል ጥበብ ለእኔ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ የመጀመር ሸክም የተጫነው ሊሸከመው በሚችለው ሰው ላይ ነው።

እንግዳ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በኬሪ አውራጃ፣ ባሊንስኬሊግስ አጠገብ ካለችው ኪል ሪያሊግ መንደር እናያለን። ሾን ኦ ኮነል የሚባል ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባም፣ እንግሊዝኛ አይናገርም። ከቀየው የወጣው አንዴ ብቻ ነው ይባላል፤ ለኪሎርግሊን ገበያ በባቡር ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። አድማጮቹ ከዓመት ዓመት እየተመናመኑ ሲሄዱ ተረቶቹ እንዳይጠፉበት ፈራ። ከገበያ ሲመለስ፣ ከፈረሱ ኋላ ቀስ እያለ ሲራመድ፣ ሰው የሌለ በመሰለው ጊዜ እጁን እያወናጨፈ ጮክ ብሎ ለራሱ ይተርክ ነበር።

ጄምስ ደላርጊ የተባለው ወጣት ምሁር በ1923 እ.ኤ.አ. እሱ ዘንድ ሲደርስ ሾን 70 ዓመት ገደማው ነበር። ያኔ አባባሉ ተገለበጠ። እንግዳው መጻፊያ ይዞ ተቀመጠ፤ አባወራው ተረከ። ሽማግሌው በ1931 እስካረፈ ድረስ ደላርጊ እየተመላለሰ ጻፈ። በ1935 ደግሞ እሱ ራሱ የሚመራው የአየርላንድ የፎክሎር፣ ማለትም የሥነ ቃል፣ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢዎቹ ድምፅ የሚቀርጹበት የሰም ቱቦ ተሸክመው በየገጠሩ ዞሩ። ሰሙ ውድ ስለነበር ቃሉ ተገልብጦ ከተጻፈ በኋላ ይፋቅና እንደገና ይቀረጽበት ነበር። ቃሉ በወረቀት ቀረ፤ የብዙዎቹ ድምፅ ግን ከሰሙ ጋር ተፍቆ ሄደ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ከ1937 እስከ 1939 ደግሞ 50,000 ያህል ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ሰምተው በደብተር ጽፈዋል። ዛሬ ሁሉም ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይገኛል።

አባባሉ ግን መዝገብ ቤት ብቻ አልቀረም። ዛሬ በአየርላንድ የግጥም፣ የተረትና የሙዚቃ ምሽት የሚመራውን ሰው ብዙ ቦታ «ፋር አን ቲ»፣ ሴት ከሆነች «ባን አን ቲ» ይሏቸዋል። ቃል በቃል አባወራ እና እማወራ ማለት ነው። ደብሊን ውስጥ ገጣሚዋ ኪራ ኒ ኤ የመሠረተችው «ሬክ» የተባለ የግጥም ምሽት አለ፤ ቃሉ «መሸጥ» ማለት ሲሆን በጥንቱ አነጋገር ግን ግጥምን በአደባባይ በቃል መወጣት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ አባባሉን ሕያው ሆኖ የማየው ኮርክ ከተማ በ2007 በተጀመረው የግጥም ምሽት ነው። ስሙ «ኦ ቬል» ይባላል፤ «ከአፍ» ማለት ነው። ታዳሚው አምስት ቃላት ይጥላል። መጻፍ የፈለገ ሁሉ በ15 ደቂቃ ውስጥ አምስቱም ያሉበት ግጥም ጽፎ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ተነስቶ ያነባል። ከተጋበዘው ገጣሚ በፊት የሚሰማው ይህ ነው፤ የቤቱ ሰው እየተንተባተበም ቢሆን ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ከሩቅ የመጣው እንግዳ ይነሳል።