ቤዝቦል ላይ «ሴቭ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በእግር ኳስ ላደግን ሰዎች ሴቭ ማለት በረኛ ኳስ ሲያድን ነው። የቤዝቦሉ ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ስሰማው እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ጨዋታው 9 ዙር አለው፣ ኢኒንግ ይሉታል። ኳስ ወርዋሪው ክንዱ ሲዝል በሌላ ይተካል። ቡድኑ እየመራ ገብቶ፣ መሪነቱን ሳያስነጥቅ ጨዋታውን የዘጋው የመጨረሻው ወርዋሪ ሴቭ ይመዘገብለታል። በቤዝቦል ድልም በአንድ ወርዋሪ ስም ይጻፋል፤ ድሉ ራሱ በስሙ ከተጻፈ ግን ሴቭ አይሆንም፣ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ የለም።

መምራት ብቻ ደግሞ አይበቃም። ሲገባ ልዩነቱ ከ3 ነጥብ ካልበለጠና ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ከወረወረ ያገኛል። ወይም አደጋው አፍንጫው ስር ሲሆን፣ ማለትም አቻ ሊያደርግ የሚችለው ተጋጣሚ ቤዝ ላይ (ነጥብ ለማስቆጠር ሯጮች ከሚያልፉባቸው ማረፊያዎች በአንዱ) ቆሞ፣ ዱላ ይዞ ወይም ቀጥሎ ለመምታት ተራ እየጠበቀ ከሆነ። የሚያስቀው ሦስተኛው ነው፤ የመጨረሻዎቹን 3 ዙሮች በደንብ ከወረወረ ልዩነቱ የፈለገውን ያህል ቢሰፋም ይቆጠርለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቴክሳስ ሬንጀርስ ባልቲሞር ኦሪዮልስን 30 ለ 3 ሲቀጠቅጥ የሬንጀርሱ ወርዋሪ ዌስ ሊትልተን ሴቭ ተመዝግቦለታል። ከምኑ ነው ያዳነው ታዲያ?

ሐሳቡ የቺካጎው ጋዜጠኛ ጀሮም ሆልትዝማን ነው፤ በይፋ መቆጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969። ከ600 ሴቭ ያለፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ትሬቨር ሆፍማን በ601፣ የኒውዮርክ ያንኪሱ ፓናማዊ ማሪያኖ ሪቬራ በ652። ሪቬራ ደግሞ ይህን ሁሉ ያደረገው በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ውርወራ ነው፣ ካተር በሚሉት፣ መቺው ጋ ሲደርስ በድንገት ወደ ጎን በሚታጠፍ ፈጣን ኳስ። መቺዎቹ እንደሚመጣ እያወቁ እንኳ አቅቷቸው ነበር።