ስለ ሶፍትዌር ምርት ቤተሰቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለመጀመሪያ ደንበኛው ፕሮግራም ሠርቶ ያስረክባል። ሁለተኛው ደንበኛ ያንኑ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ሆኖም አንድ ክፍል እንዲቀነስለት፣ ሌላ ደግሞ እንዲጨመርለት ይጠይቃል። ሦስተኛውም የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እየተባለ ከአንድ ምንጭ የወጡ፣ አብዛኛው አካላቸው የጋራ የሆነ፣ በጥቂት ነገር ግን የሚለያዩ ምርቶች ይበዛሉ። እነዚህን ምርቶች እንደ አንድ ቤተሰብ ቆጥሮ በጋራ ማቀድ፣ መሥራትና መጠገን የሶፍትዌር ምርት መስመር ምህንድስና ይባላል። በመኪና፣ በስልክ፣ በማተሚያ፣ በሕክምና መሣሪያና በኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ያለው ሶፍትዌር በብዛት የሚኖረው በዚህ መልክ ነው። ልዩነት ያላቸውን ምርቶች ማውጣት ብዙም አይከብድም፤ የሚከብደው ስለ መላው ቤተሰብ አንድን ነገር በእርግጠኝነት መናገር ነው። ስለ ዘርፉ ከሚነገሩት የተሳሳቱ አባባሎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ልዩነት ካለማየት ነው።

«የምርት ቤተሰብ ማለት የተጻፈን ኮድ መልሶ መጠቀም ማለት ነው»

ኮድን መልሶ መጠቀም ከዚህ አሠራር ከሚገኙት ጥቅሞች አንዱ ቢሆንም አሠራሩን የሚገልጸው እሱ አይደለም። ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ፕሮግራም ቤተሰቦች ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ፕሮግራሞች እንደ ቤተሰብ የሚቆጠሩት እያንዳንዱን ለብቻው ከመመርመር አስቀድሞ የሚጋሩትን ነገር ማጥናት የሚያዋጣ ሲሆን ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የጋራው ምን እንደሆነ፣ የሚለያየው ምን እንደሆነ፣ ልዩነቱም በምን ሁኔታ ብቻ እንደሚፈቀድ ከመወሰን ነው።

ይህ ሳይደረግ ኮድ ብቻውን ሲሻገር ምን እንደሚከተል የአሪያን 5 ሮኬት አሳይቷል። ሮኬቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 የመጀመሪያ በረራውን በጀመረ በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ፈነዳ። አቅጣጫን የሚከታተለው ሶፍትዌር የተወሰደው ከቀዳሚው ከአሪያን 4 ነበር። በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ቁጥር የሚለወጥበት አንድ ስፍራ ነበረ። በአሪያን 4 ፍጥነት ቁጥሩ ከልክ እንደማያልፍ ስለታወቀ ያ ስፍራ መከላከያ አልተደረገለትም፤ ይህ ምክንያት ግን ከኮዱ ጋር ተጽፎ አልተቀመጠም። አሪያን 5 በጎን በኩል የሚያገኘው ፍጥነት ከዚያ በብዙ የላቀ ስለነበር ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ ሞልቶ ፈሰሰ፤ መጠባበቂያ የነበረው ሁለተኛው መሣሪያም ያንኑ ሶፍትዌር ይዞ ስለነበር በተመሳሳይ ስህተት ቆመ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ስህተቱ የተነሣበት ተግባር ለአሪያን 5 ከተነሣ በኋላ ምንም ጥቅም ያልነበረው መሆኑ ነው። ኮዱ ተወርሷል፤ ኮዱ የቆመበት ግምት ግን አልተወረሰም። ግምቶችን ከኮዱ ጋር አስሮ ለእያንዳንዱ አዲስ የቤተሰብ አባል እንደገና በራስ ሰር የሚፈትሽ ስልት መፈለግ እስከ ዛሬ ያልተቋጨ የምርምር ጥያቄ ነው።

«ለየደንበኛው ኮዱን ኮፒ ማድረግ የሰነፍ አሠራር ነው»

ይህ ፍርድ የቸኮለ ነው። ሁለተኛው ደንበኛ ሲመጣ ኮዱን ኮፒ አድርጎ ማስተካከል ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የመጀመሪያውን ምርት የሚያናጋ ነገርም የለውም። ሦስተኛ ደንበኛ ይመጣ እንደሆነ በማይታወቅበት ጊዜ ለሃያ ምርቶች የሚሆን የጋራ መሠረት መገንባት ራሱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ቅጂዎቹ ሲበዙ ነው። በአንዱ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ በሌሎቹ ሁሉ በእጅ እየተፈለገ መደፈን አለበት፤ ቅጂዎቹ እየተራራቁ ሲሄዱ ደግሞ ያው ማስተካከያ ሳይለወጥ የሚገባባቸው እየቀነሱ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ተመራማሪዎችን የሚያስጨንቀው የተራራቁ ቅጂዎችን እንዴት ወደ አንድ መሠረት መሰብሰብ ይቻላል የሚለው ነው። ሁለት ፋይሎችን አነጻጽሮ የሚለያዩትን መስመሮች ማውጣት ለማንኛውም ፕሮግራም ቀላል ነው። መስመሮቹ የተለያዩት ደንበኛው ስለፈለገ ነው ወይስ አንዱ ፕሮግራመር የተለዋዋጭ ስም ስለቀየረ ብቻ ነው? ወይስ በአንዱ የተስተካከለ ስህተት በሌላው ስለተረሳ ነው? ይህን ከኮዱ ብቻ አንብቦ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ የሚያስታውሱት ሰዎችም ብዙ ጊዜ ድርጅቱን ለቀዋል።

«ኃይለኛ ኮምፒውተር ካለ ሁሉንም ምርቶች ቴስት ማድረግ ይቻላል»

እያንዳንዱ ፊቸር፣ ማለትም አንዱ ምርት ሊኖረው ሌላው ላይኖረው የሚችል ተግባር፣ የሚመረጥ ወይም የሚተው ከሆነና ፊቸሮቹ እርስ በርስ ካልተገደቡ 10 ፊቸሮች 1,024 ምርቶችን ይሰጣሉ። 33 ፊቸሮች ደግሞ 8,589,934,592 ምርቶችን ይሰጣሉ፤ ይህም ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ይበልጣል። አንዱን ምርት ለመፈተሽ አንድ ሰከንድ ብቻ ቢበቃ እንኳ ሥራው ከ270 ዓመታት በላይ ይፈጃል። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ከ10,000 በላይ የኮንፊገሬሽን ምርጫዎች (ሲገነባ የሚወሰኑ ምርጫዎች) አሉት። እርግጥ ነው፣ በምርጫዎቹ መካከል ያሉት ገደቦች ቁጥሩን ይቀንሱታል፤ ቢሆንም የሚቀረው በማንኛውም ማሽን የሚቆጠር አይደለም፤ አንድ ነጻ ምርጫ በተጨመረ ቁጥርም ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ ሌሎች «እንግዲያው ቴስት ማድረግ ተስፋ የለውም» ወደሚል ተቃራኒ ስህተት ያመራሉ። በዩናይትድ ስቴትስ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት አብዛኞቹ ብልሽቶች የሚነሡት ከአንድ ወይም ከሁለት ምርጫዎች መጋጠም ነው። ይህ ትልቅ በር ይከፍታል። ከላይ ባነሣናቸው 10 ፊቸሮች ውስጥ የትኞቹንም ሁለት ፊቸሮች ብንወስድ ሁለቱም የተመረጡበት፣ አንዱ ብቻ የተመረጠበት፣ ሌላው ብቻ የተመረጠበትና ሁለቱም የተተዉበት ምርት እንዲገኝ 1,024ቱን ሁሉ መሥራት አያስፈልግም፤ በጥንቃቄ የተመረጡ 6 ምርቶች ይበቃሉ። ይህ ውጤት በሒሳብ የተረጋገጠ ነው፤ ለዘርፉ እንግዳ የሆነ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ለማመን እንደሚቸገር እረዳለሁ።

ነገር ግን ናሙና ምንጊዜም ናሙና ነው። ሦስት ወይም አራት ምርጫዎች ሲገናኙ ብቻ የሚወጣ ስህተት በጥንዶች ላይ ከቆመ ናሙና ሊያመልጥ ይችላል፤ በፊቸሮቹ መካከል ገደቦች ሲበዙም ትንሹን ናሙና ማግኘት ራሱ ከባድ ስሌት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ መንገድ እየተጠና ነው። ይኸውም ምርቶቹን አንድ በአንድ ከማውጣት ይልቅ ልዩነቶቹን ሁሉ የያዘውን ኮድ በአንድ ጊዜ ማንበብና የትኛው ስህተት በየትኞቹ ምርጫዎች ሥር እንደሚገኝ ማውጣት ነው። የዓይነት ስህተትን (ለምሳሌ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ መስጠትን) የመሰሉ ነገሮች በዚህ መንገድ ለትልልቅ ፕሮግራሞችም ተፈትሸዋል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚያሳየውን ጠባይ በዚህ መልክ ማረጋገጥ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

«እያንዳንዱ ፊቸር በትክክል ከሠራ አብረው ሲሆኑም በትክክል ይሠራሉ»

በሕንፃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሰጥ የታወቀ ምሳሌ አለ። አንዱ ፊቸር የእሳት መከላከያ ነው፤ ጭስና ሙቀት ሲሰማ ከጣሪያ ውኃ ይረጫል። ሌላው የጎርፍ መከላከያ ነው፤ ወለሉ ላይ ውኃ መጠራቀሙን ሲያውቅ ዋናውን የውኃ መስመር ይዘጋል። የመጀመሪያው ለብቻው ሲፈተሽ እንከን አይገኝበትም፤ ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሁለቱም በተጫኑበት ሕንፃ እሳት ሲነሣ ግን ውኃው ይረጫል፣ ወለሉ ይርሳል፣ የጎርፍ መከላከያው ቧንቧውን ይዘጋል፣ እሳቱም ይቀጥላል። ሁለቱም ፊቸሮች የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል፤ ከሁለቱ አንዱንም ስህተት የሠራ ብሎ መክሰስ አይቻልም።

መፍትሔው በዚህ ምሳሌ ውስጥ ቀላል ይመስላል፦ እሳት እስካለ ድረስ መስመሩ አይዘጋ ማለት ነው። ይህ ደንብ ግን የየትኛው ፊቸር አካል ነው? በእሳት መከላከያው ውስጥ ቢጻፍ የጎርፍ መከላከያ በሌለበት ሕንፃ ትርጉም አይኖረውም፤ በጎርፍ መከላከያው ውስጥ ቢጻፍም ችግሩ ያው ነው። ሁለቱም ሲመረጡ ብቻ የሚገባ ሦስተኛ ቁራጭ ኮድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የ10 ፊቸሮች ጥንዶች 45 ናቸው፤ የ100 ፊቸሮች ጥንዶች ደግሞ 4,950 ናቸው። ከእነዚህ የትኞቹ እንደሚጋጩ ማንም አስቀድሞ ጽፎ ካላስቀመጠ ማሽኑ ግጭትን ከታሰበ ትብብር ሊለይ አይችልም። የስልክ ኩባንያዎች ጥሪን ማስጠበቅና ጥሪን ወደ ሌላ ቁጥር ማስተላለፍ የመሳሰሉ አገልግሎቶችን ሲደራርቡ የገጠማቸው ፈተና ይኸው ነበር። በእኔ ግምት ከዘርፉ ጥያቄዎች ሁሉ ጥልቁ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው የተሻለ ስሌት ብቻ ሳይሆን የሰውን ፍላጎት በትክክል አስቀድሞ መጻፍን ጭምር ነው።

«የፊቸር ሞዴል አንዴ ከተሣለ ሥራው አልቋል»

የፊቸር ሞዴል ማለት የቤተሰቡን ፊቸሮችና በመካከላቸው ያለውን ገደብ የሚያሳይ የዛፍ ቅርጽ ያለው መግለጫ ነው፤ የትኛው ግዴታ እንደሆነ፣ የትኛው በምርጫ እንደሚገባ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ ይናገራል። ይህ አገላለጽ እ.ኤ.አ. በ1990 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና ተቋም በወጣ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ተስፋፍቷል። ሞዴሉ ወደ አመክንዮ ቀመር ስለሚለወጥ ቢያንስ አንድ ሕጋዊ ምርት መኖሩን ወይም በየትኛውም ምርት ሊመረጥ የማይችል የሞተ ፊቸር መኖሩን ሶፍትዌር በፍጥነት ይመልሳል። ሕጋዊ ምርቶቹ በድምሩ ስንት እንደሆኑ መቁጠር ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ነው።

ዋናው ጣጣ ሞዴሉ፣ የግንባታ ፋይሎቹና ኮዱ የሚኖሩት በሦስት የተለያዩ ቦታዎች መሆኑ ነው፤ አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ ይረሳሉ። በጀርመን የኤርላንገን ኑረምበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ከርነልን በዚህ ዓይን ፈትሸው ከ1,700 በላይ አለመጣጣሞች አግኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ «ሆትፕለግ ሲፒዩ» የሚባለው ምርጫ በኮዱ ውስጥ በቃላት መገለባበጥ «ሲፒዩ ሆትፕለግ» ተብሎ መጻፉ ነበር። በሞዴሉ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ምርጫ ስለሌለ በዚህ ስም የታጠረው፣ ማለትም ምርጫው ሲመረጥ ብቻ እንዲገባ የተደረገው ኮድ በየትኛውም ምርት ውስጥ አይገባም ነበር። ያልተመረጡትን የኮድ ክፍሎች አስቀድሞ ለሚያስወግደው ለፕሪፕሮሰሰሩ ያልታወቀ ስም ማለት ያልተመረጠ ፊቸር ማለት ብቻ ስለሆነ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም።

«ያልተመረጠ ፊቸር ጉዳት የለውም»

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። ለዓመታት ጥቅም ላይ ያልዋለ አንድ አሮጌ ተግባር ከሲስተሙ ሳይወገድ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን ያስነሣ የነበረው ምልክትም ለአዲስ ፊቸር ተሰጠ። አዲሱ ኮድ ከስምንቱ ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ሲጫን አንዱ ላይ ሳይጫን ቀረ፤ ያ አንዱ ሰርቨር ምልክቱን ሲያይ አሮጌውን ተግባር አስነሣ። ፊቸርን መጨመር ሁሉም ያውቅበታል፤ መቼና እንዴት በሰላም እንደሚወገድ ግን የተጠናው ጥቂት ነው።

«ምርቶቹ ትክክል ከሆኑ ፍጥነታቸውም የታወቀ ነው»

ፍጥነትና የኃይል ፍጆታ ከአመክንዮ ቀመር አይወጡም፤ መለካት አለባቸው። የተለመደው መንገድ ጥቂት ምርቶችን ለክቶ የቀሩትን በማሽን ለርኒንግ መተንበይ ነው። ሆኖም በአንድ ማሽን ላይ የተገኘው ትንበያ በሌላ ማሽን ላይ፣ በአንድ ግብዓት የተገኘው በሌላ ግብዓት ላይሠራ ይችላል። ቪዲዮ በሚያመቀው በኤክስ264 ለምሳሌ የትኛው ምርጫ እንደሚያፋጥን በሚታመቀው ቪዲዮ ዓይነት ጭምር ይወሰናል።

«ዘርፉ አርጅቷል፤ የሚጠና ነገር አልቀረም»

በአንድ ወቅት ላይ ባለበት መልክ ስለሚታይ ቤተሰብ የሚታወቀው በእርግጥ ብዙ ነው። ቤተሰቡ ግን በጊዜ ውስጥ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ምርት የራሱ ቨርዥኖች አሉት፤ ደንበኛው የአምና ምርቱን ሳይለውጥ የዘንድሮውን የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ይጠይቃል። ቨርዥንን የሚያስተዳድሩት መሣሪያዎች ስለ ፊቸር አያውቁም፤ ፊቸርን የሚያስተዳድሩትም ስለ ቨርዥን የሚያውቁት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በጀርመን ዳግስቱል የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች ቨርዥንን የሚያጠናውንና ፊቸርን የሚያጠናውን ማኅበረሰብ ያገናኙት ለዚሁ ሲሉ ነው። በዚህ ላይ የኢንዱስትሪ ኮድ በምስጢር የሚያዝ በመሆኑ ጥናቱ ደጋግሞ የሚያርፈው ሊኑክስን በመሰሉ ክፍት ፕሮግራሞች ላይ ነው። ሊኑክስ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በይፋ የሚገነቡት ፕሮግራም ነው፤ በእሱ ላይ የተገኘ ውጤት ጥቂት መሐንዲሶች በዝግ ለሚሠሩት የፍሬን መቆጣጠሪያ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚሠራ በዚያው ቤተሰብ ላይ ሳይፈተሽ ሊነገር አይችልም።